ቬስፓዋን ለቁራሌው አትስጧት፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «አሮጌ ቬስፓ ማደስ ብር መበተን ነው» የሚል ጽሑፍ እጅ በእጅ ሲዞር ሰንብቷል። እኔም ጋ ደርሶ አነበብኩት። ከላኩልኝ ሰዎች አንዱ አባቱ የተዉለትን ፒኤክስ 150 የተባለች ቬስፓ ይዞ እዚሁ ባሕር ዳር የሚኖር ልጅ ነው። ጽሑፉን ካነበበ ወዲህ ቬስፓዋን በኪሎ ሊሸጣት ቆርጧል። ይቺን ምላሽ የምጽፈው በዋናነት ለእሱና እንደ እሱ ለሚያመነቱ ነው።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህን ነው። የድሮ ቱ-ስትሮክ ሞተር (ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅሎ የሚያቃጥለው) አይታደስም፤ አውጥቶ በቻይና ፎር-ስትሮክ መተካት ይሻላል። መለዋወጫ የለም፣ ባለሙያም የለም። የግድ አድሳለሁ ያለ ሰው ደግሞ ታችኛውን የሞተር ክፍል ሳይከፍት ከፋብሪካው የሚተልቀውን 177 ሲሲ ሲሊንደር ይግጠም፣ የአየር ማጣሪያውን ያውጣ፣ ዘይቱን እጥፍ ያድርግ፣ ካርቡራቶሩን ግን ፋብሪካው እንደሠራው ይተወው። መጨረሻ ላይ የጭሱ ነገር ይነሳል።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ለሰው ኪስ አስበው እንደጻፉ ግን ያስታውቃል፤ እኔም የማስበው ለዚያው ኪስ ነው። የምንለያየው ብሩ ከየት ይጀምር በሚለው ላይ ነው። እኔ የምለው፣ ያለችው ብር ትንሽ ከሆነች ከታች ጀምሩ። ኩሽኔታ፣ ፓራኦሊዮ (ዘይትና አየር የሚያግደው የጎማ ቀለበት)፣ ክራንክ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ)። ቀጥሎ ካርቡራቶርና እሳት። ጉልበት መጨመር የመጨረሻው ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ እዚያ ሳትደርሱ የፈለጋችሁት ጉልበት ተመልሶ ታገኙታላችሁ።

«በቻይና ሞተር መተካት ይሻላል»

ይህ ምክር የቬስፓን አሠራር ከሌላው ሞተር ሳይክል ጋር ያምታታል። በተለመደው ሞተር ሳይክል ሞተሩ ሻንሲው መሀል ይቀመጥና በካቴና የኋላውን ጎማ ይነዳል። ቬስፓ ካቴና የላትም። የኋላ ጎማዋ ከካምቢዮው በሚወጣው ዘንግ ላይ በቀጥታ ነው የሚታሰረው። ጎማውን የተሸከመው የሞተሩ አካል ራሱ ነው። ከቦዲው ጋር የሚገናኘው ከፊት በአንድ ረጅም ቡሎን፣ ከኋላ በአንድ አሞርዛተር ብቻ ነው። ጉድጓድ ስትመቱ ሞተሩ በሙሉ ከጎማው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ «ሞተሩን አውጥቶ ሌላ መግጠም» ሲባል የኋላ ጎማ፣ የኋላ ፍሬንና የኋላ አሞርዛተር በሙሉ እንደገና ይፈጠር ማለት ነው። ቦዲው ይቆረጣል፣ ይበየዳል። ይህን የሚሠራ ሰው ቢገኝ እንኳ ወጪው ከእድሳቱ አያንስም።

ሌላም አለ። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ተጽፏል። ሞተር ስትቀይሩ ያ ቁጥር አይገጥምም፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የቢሮ ጉዳይ ይሆናል። ካርተሩን (የሞተሩን የውጭ አካል) ጠብቃችሁ ውስጡን ብታድሱ ግን ቁጥሩ ባለበት ይቆያል።

ያው አሠራር ለኪሳችን ትልቅ ጥቅም አለው። ሁለት የማርሽ ካቦ፣ አንድ የፍሪሲዮን ካቦ፣ የኋላ ፍሬን ካቦ፣ የጋዝና የቾክ ካቦ፣ የቤንዚን ቱቦ፣ የመብራት ሽቦ፣ ከዚያ ሁለቱ ቡሎኖች። በቃ፣ ሞተሩ መሬት ላይ ነው። ክሬን የለ፣ ጉድጓድ የለ። ግቢያችሁ ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር ይወርዳል።

«መለዋወጫ የለም፣ ባለሙያም የለም»

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት አለው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከ57 አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው አብሮ ነው የዘለለው። ጣሊያን የተሠራ ኦሪጅናል ዕቃ ልግዛ ያለ ሰው ይጎዳል።

ግን ቬስፓ ጣሊያን ብቻ አልተሠራችም። ዛሬ ባሕር ዳርን የሞላው ባለ ሦስት ጎማ ስሙን ያገኘበት የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ከ1960 አካባቢ እስከ 1971 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ቬስፓን በፈቃድ ሲሠራ የኖረ ነው። ፈቃዱ ሲያልቅ በ1972 ቼታክ ብሎ ያወጣት ስኩተር መሠረቷ ያው የቬስፓ ሞተር ነው። ሌላው የሕንድ ኩባንያ ኤልኤምኤል ደግሞ ፒኤክስን መሠረት ያደረጉ ስኩተሮችን ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። በዚህ ምክንያት ሕንድ ውስጥ ለዚህ ሞተር ዕቃ የሚያመርት ሞልቷል፤ ዋጋውም ከጣሊያኑ በጣም ይቀንሳል። ከሕንድ የባጃጅ ዕቃ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ደግሞ ከእኛ ሩቅ አይደሉም። ፍሪሲዮን ሸራ፣ ካቦ፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ጓርኒሲዮን (መጋጠሚያ ላይ የሚገባው ወረቀት) ከዚያ በኩል ይገኛል። ስትጠይቁ «የቬስፓ አለ?» ብላችሁ አታቁሙ። አሮጌውን ዕቃ በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱና ከአዲሱ ጋር አስተያዩት።

አንድ ቦታ ላይ ግን ተጠንቀቁ። በፒኤክስ ሞተር ላይ በፍሪሲዮን በኩል ያለው የክራንክ ኩሽኔታ ልኩ 25 በ62 በ12 ነው። ሱቁ ውስጥ በየመደርደሪያው የሚገኘው 6305 ደግሞ 25 በ62 በ17 ነው። ውስጡም ውጩም እኩል ስለሆነ ባለ ሱቁ በቅን ልብ «ያው ነው» ይላችኋል። ውፍረቱ 5 ሚሊሜትር ይበልጣል፣ ስለዚህ አይገባም። ካሊፐር ይዛችሁ ሂዱ። ሳጥኑ ላይ ሲ3 የሚል ምልክት መኖሩንም እዩ፤ ሞተር ሲሞቅ ብረቱ ስለሚያብጥ ትንሽ ክፍተት ያለው ኩሽኔታ ያስፈልጋል።

ባለሙያ የለም ለሚለው፣ ይህች ከተማ የቴክኒክ ሙያ ማስተማር የጀመረችው በ1955 ዓ.ም በተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ነው። ቶርኖ ቤት በየሠፈሩ አለ። የቬስፓ ባለሙያ ባይሆኑም ቶርኖ የሚያውቁ ሰዎች አሉ፣ ለእኛ ሥራ ደግሞ እሱ ይበቃል። ሲሊንደር የማሰፋባቸው አንድ አዛውንት አሉ። መጀመሪያ ባዶ ሲሊንደር ይዤ ስሄድ «ልጄ፣ ፒስተኑን ሳታመጣ አልነካልህም» አሉኝ። «ጋሼ፣ ልኩን ልንገርዎት» ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲሊንደር የሚሰፋው በወረቀት ላይ ባለ ቁጥር ሳይሆን በእጅ በያዙት ፒስተን ልክ ነው። እንዲህ የሚል ሰው ካገኛችሁ ሲሊንደራችሁን ያለ ሥጋት ስጡት።

«ታችኛው ክፍል የሚዞር ከሆነ አትክፈቱት፤ 177 ግጠሙበት»

የጻፍኩት በዚህ ምክንያት ነው። ሞተር የሚገድለው ምክር ይህ ነው።

በቱ-ስትሮክ ሞተር ውስጥ ካርተሩ የዘይት ቤት ብቻ አይደለም። ቤንዚንና አየር መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ይስባል፣ ሲወርድ ጨምቆ ወደ ላይ ይልካል። ስለዚህ ካርተሩ አየር ማስገባት የለበትም። ይህን የሚጠብቁት በክራንኩ ሁለት ጫፍ ያሉት ፓራኦሊዮዎች ናቸው። ጎማ ናቸውና በዕድሜ ይደርቃሉ፤ በተለይ ክረምቱን ሙሉ ቆማ የከረመች ቬስፓ ላይ። በቮላኖ (ክራንኩ ጫፍ ላይ ባለው ከባድ መዘውር) በኩል ያለው ሲያፈስ ሞተሩ ከውጭ ንጹሕ አየር ይስባል። ቤንዚኑ ይሳሳል። ቤንዚን ሲሳሳ ዘይቱም አብሮ ይሳሳል፣ ምክንያቱም ዘይቱ ያለው ቤንዚኑ ውስጥ ነው። ከዚያ ሙቀቱ ይወጣል፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ይነክሳል። በፍሪሲዮን በኩል ያለው ሲያፈስ ደግሞ የካምቢዮ ዘይት ወደ ካርተር ይሳባል። ነጭ ጭስ ታያላችሁ፣ የካምቢዮ ዘይት ሳይፈስ ይጎድላል።

አሁን በዚህ ላይ 177 ግጠሙ። የፒኤክስ 150 ሲሊንደር 57.8 ሚሊሜትር ነው፣ 177ቱ 63 ሚሊሜትር። የፒስተኑ ጉዞ ያው 57 ነው። የበለጠ ይስባል፣ የበለጠ ይጨምቃል፣ የበለጠ ይሞቃል፤ ይህን ሁሉ ጫና የሚሸከሙት ደግሞ ከአባታችሁ ዘመን ጀምሮ ያሉት ኩሽኔታዎች ናቸው። በሚያፈስ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው። እንስራውን ማተለቅ ፍሳሹን አይደፍነውም።

ስለዚህ ከታች ጀምሩ። ሁለቱ የክራንክ ኩሽኔታ፣ ፓራኦሊዮዎቹ፣ ጓርኒሲዮኑ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከ177 ሲሊንደር ዋጋ በጣም ያንሳል። ቢዬላውን (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘውን ብረት) ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ሳቡት። ምንም መንቀጥቀጥ የለበትም። ወደ ጎን ትንሽ መንሸራተቱ የተፈጥሮው ነው፤ ለሱ አትደንግጡ።

ካርተሩን ስትገጣጥሙ መዶሻ አታንሡ። ኩሽኔታውን ሌሊቱን ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። ካርተሩን አሙቁት። እኔ የምጠቀመው ለእንጀራ የማይሆን አሮጌ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ካርተሩን በደንብ አጥቤ፣ ምጣዱ ላይ አንድ ጡብ አስቀምጬ በላዩ አደርገዋለሁ፣ ብረቱ ምጣዱን በቀጥታ እንዳይነካ። ጠብታ ውኃ ጣል ሲያደርጉበት ቺስ ብሎ ከጠፋ በቂ ነው። ያኔ ቀዝቃዛው ኩሽኔታ ከእጅ ላይ በራሱ ክብደት ጥልቅ ይላል። ድምፁ ያስታውቃል፤ ደፈን ያለ «ጠብ» ነው። ካልገባ መታ መታ አታድርጉት፣ አውጥታችሁ እንደገና አሙቁ።

ከተገጠመ በኋላ ማፍሰስ አለማፍሰሱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ፋርማሲ የሚሸጠውን በእጅ የሚነፋ የደም ግፊት መለኪያ ውሰዱ። ጨርቁን ተዉት፤ የምንፈልገው መጭመቂያዋን ጎማና ሰዓቷን ነው። የማርሚታውን ቀዳዳና የካርቡራቶሩን መግቢያ ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪያ በተቆረጠ ጎማና በጠፍጣፋ ብረት ድፈኑ። ካላማዳሪያ በባሕር ዳር አይቸግርም። ፒስተኑን ወደ ታች አውርዱ፣ ቱቦውን በካንዴላው ቀዳዳ በኩል አስገቡና ሰዓቷ 200 እስክታሳይ ንፉ። መርፌው ባለበት ለደቂቃዎች ከቆመ ጨርሳችኋል። ከወረደ በሳሙና አረፋ ፈልጉ፤ አረፋው የሚፈላበት ቦታ ነው ፍሳሹ። ይህን ያላደረገ ሰው የቱንም ያህል ሲሊንደር ቢቀይር ነገ ተመልሶ ይመጣል።

ሲሊንደሩ ራሱ ቢበላስ? አሮጌው ሞተር ለደሃ የሚመቸው እዚህ ጋ ነው። ሲሊንደሩ የብረት ስለሆነ ይሰፋል። ፋብሪካው ራሱ ለ57.8ቱ በ58.0፣ በ58.2 እና በ58.4 ልክ ፒስተን አውጥቶለታል። ሦስት ጊዜ ማሰፋት ይቻላል ማለት ነው። ውስጣቸው በኒኬል የተለበጠ ዘመናዊ የአሉሚኒየም ሲሊንደሮች ይህ ዕድል የላቸውም። አዲሱን ፋሻ ሲሊንደሩ ውስጥ ለብቻው አስገብታችሁ የጫፎቹን ክፍተት ለኩ። ከ0.2 እስከ 0.35 ሚሊሜትር ከሆነ ደኅና ነው።

«ማጣሪያውን አውጡ፣ ይተንፍስ»

እባካችሁ እንዳታደርጉት። ፒኤክስ ሮታሪ ቫልቭ የሚባል አሠራር ነው ያላት። ቤንዚንና አየር ሲገባ በሩን የሚከፍትና የሚዘጋው ራሱ ክራንኩ ነው። ጎኑ ላይ ቁራጭ ወጥቶለታል፤ ሲዞር ካርተሩ ላይ በጥንቃቄ የተስተካከለ ገጽ አጠገብ ያልፋል። መሀላቸው ያለው ክፍተት ፀጉር የሚያህል ነው። በበጋ የዘጌን ወይም የጢስ ዓባይን መንገድ የነዳ ሰው አቧራውን ያውቀዋል። ማጣሪያ ከሌለ ያ አሸዋ የሚሄደው በቀጥታ እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። ገጹ ከተቧጨረ በሩ አይዘጋም። ቤንዚን በካርቡራቶር በኩል ወደ ኋላ ይተፋል፣ ፔዳሊና ሲመታ አይነሣም፣ ሚኒሞ አይይዝም። ሲሊንደር ይሰፋል፣ ኩሽኔታ ይቀየራል፤ ይህ ገጽ ግን የካርተሩ አካል ነው። ከተበላሸ ያለው አማራጭ መበየድና እንደገና ማስተካከል፣ አለዚያም ካርተር መቀየር ነው። ካርተር መቀየር ማለት ደግሞ ያው የሞተር ቁጥር ጉዳይ። ማጣሪያውን በቤንዚን እጠቡ፣ አድርቁ፣ መልሱ።

«አሮጌ ሞተር ስለሆነ ዘይቱን እጥፍ አድርጉ»

ይህ አስተሳሰብ የመጣው ከጥንቶቹ ቬስፓዎች ይመስለኛል። እነሱ 5 በመቶ ዘይት ይጠይቁ ነበር። ሮታሪ ቫልቩ ከመጣ ወዲህ ግን ድብልቁ በቀጥታ ክራንኩ ላይ ስለሚያርፍ 2 በመቶ በቃ። የፒኤክስም ልክ ይኸው 2 በመቶ ነው። ዘይት ሲበዛ ሞተሩ የሚጠቀም ይመስላል፤ ግን ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት በገባ ቁጥር በካርቡራቶሩ ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን ያንሳል። ድብልቁ ይሳሳል። የተረፈው ዘይት ደግሞ ካንዴላውን ያጠቁራል፣ ማርሚታውን በካርቦን ይደፍናል።

ለአንድ ሊትር 20 ሚሊሊትር ነው። ለ5 ሊትር 100። በግምት ከዘይት ቆርቆሮ አታንቆርቁሩ። ፋርማሲ ባለ 20 ሲሪንጅ ገዝታችሁ መቀመጫው ሥር ያዙ። ለአንድ ሊትር አንድ ሲሪንጅ፣ ስህተት የለውም። ማደያ ሰልፍ ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ ዘይቱን ታንከሩ ውስጥ ጨምሩ፣ ቤንዚኑ ከላይ ሲወርድበት ራሱ ያማስለዋል። ከዚያ ቬስፓዋን ግራ ቀኝ ወዝወዝ አድርጓት። ዘይቱ ለቱ-ስትሮክ የተሠራ ይሁን፤ የመኪና ሞተር ዘይት ሲቃጠል አመድ ይተዋል። ቤንዚን ጠፍቶ በሃይላንድ የሚሸጠውን ለመግዛት ከተገደዳችሁ ደግሞ በነጭ ጨርቅ አጥልሉት፤ ሃይላንዱን ትንሽ አቁማችሁ ታቹን እዩ፣ ውኃ ካለበት ከሥር ይታያል።

የካምቢዮ ዘይቱ ሌላ ነው። 250 ሚሊሊትር ኤስኤኢ 30። ፍሪሲዮኑ የሚታጠበው በዚያው ዘይት ስለሆነ የመኪና ካምቢዮ ወፍራም ዘይት አትሙሉባት።

«ካርቡራቶሩን ፋብሪካው እንደሠራው ተዉት»

ፋብሪካው ያለው ጣሊያን ፖንቴዴራ ነው። ከባሕር ጠረፍ ብዙም የማይርቅ ዝቅተኛ ቦታ። እኛ ያለነው 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በአምስተኛ ያህል ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ በካርቡራቶሩ የሚገባው ቤንዚን ግን በዚያው መጠን አይቀንስም። ስለዚህ ፋብሪካው ለራሱ አገር ትክክል ያደረገው ልክ እዚህ 10 በመቶ ገደማ ቤንዚን ያበዛል። ብዙ ሰው «አሮጌ ቬስፓ ሲባል ያው ይንተፋተፋል፣ ቤንዚን ይጠጣል» የሚለው ግማሹ በዚህ ምክንያት ነው። ሞተሩ አርጅቶ አይደለም፤ ለዚህ ቦታ አልተስተካከለም።

ማስተካከያው ደግሞ ከሁሉም ርካሹ ዕቃ ነው። ጂግለር፣ ማለትም ቤንዚን የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ትንሽ ናስ። ላይዋ ላይ ቁጥር አለ። 100 ማለት ቀዳዳዋ 1 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። የቀዳዳው ስፋት የሚያድገው ልኩ በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ ቤንዚኑን 10 በመቶ ለመቀነስ ቁጥሩን የምናወርደው 5 ያህል ብቻ ነው። ፒኤክስ 150 ላይ 100 ካገኛችሁ ወደ 98፣ ከዚያ ወደ 96 ውረዱ። አንድ አንድ ደረጃ ብቻ። ከዚያ ቀጥ ባለው በሐይቁ ዳር መንገድ ሳይሆን ትንሽ ጫና ባለበት፣ ለምሳሌ ወደ ቤዛዊት ሽቅብ፣ ጋዝ ሙሉ ሰጥታችሁ ንዱ። በዚያው ሳታዘገዩ ፍሪሲዮን ያዙና ሞተሩን አጥፉ፣ ካንዴላውን አውጡ። ጥቁር ጥላሸት ካለው ገና በዝቷል። ቡናማ ከሆነ ቁሙ። ነጭ ከሆነ ሳስቷል፣ ወዲያው አንድ ደረጃ መልሱ። ነጩን ችላ ማለት ፒስተን ያስበላል።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። በዚህ ልክ የተስተካከለች ቬስፓ ይዛችሁ ወደ አዲስ አበባ መንገድ የዓባይ በረሃን ልትወርዱ ካሰባችሁ ትልቋን ጂግለር መልሱ። ድልድዩ ጋ ከባሕር ዳር 700 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላላችሁ፤ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ያይላል። አሮጌዋን ጂግለር አትጣሉ፤ በወረቀት ጠቅልላችሁ ከካንዴላ መፍቻው ጋር አስቀምጡ።

ከፍታው ሌላም ነገር ይፈቅድልናል። ሲሊንደሩ የሚሞላው አየር ስላነሰ መጨመቁም ደክሟል። ስለዚህ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ቶርኖ ቤት ትንሽ ማስላጨት ከ177ቱ በብዙ የረከሰ ጉልበት ይሰጣል። ስንት ይላጭ የሚለውን በስታኞ (ሽቦ በሚበየድበት ለስላሳ ብረት) ለኩ። የስታኞ ሽቦ በካንዴላው ቀዳዳ አስገብታችሁ እስከ ሲሊንደሩ ግድግዳ ድረስ ግፉት፣ ቮላኖውን በእጅ አንድ ጊዜ አዙሩት፣ አውጡና የተደፈጠጠውን ጫፍ በካሊፐር ለኩ። ፒስተኑ ላይ ሲደርስ የሚቀረው ክፍተት እሱ ነው። እኔ ከ1.2 ሚሊሜትር በታች አልወርድም፣ እናንተም አትውረዱ።

ከሁሉ በፊት ግን ማርሚታውን አውርዱና የሲሊንደሩን መውጫ ተመልከቱ። ካርቦን ግማሹን ዘግቶት ታገኙ ይሆናል። በእንጨት ፋቁት፣ ሲሊንደሩን እንዳይቧጭር። ይህ ምንም ብር አይጠይቅም፣ ልዩነቱን ግን መጀመሪያው አቀበት ላይ ታዩታላችሁ።

እሳቱን በተመለከተ ጽሑፉ ብዙ አላለም፣ እኔም አላስረዝምም። ፑንቲና (እሳቱን የምታቆራርጠው) ካላት ፑንቲናውንና ኮንደንሰሩን ቀይሩ። ኤሌክትሮኒክ ከሆነች ከቮላኖው ሥር ያሉትን ሽቦዎች እዩ፤ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠሩት ላይ የሽቦው ልባስ እየተፈረፈረ እርስ በርስ ይነካካል። ካንዴላው ቢ7ኤችኤስ ዓይነት፣ አጭር አንገት ያለው ይሁን። ረጅም አንገት ያለው ቢገባም ፒስተኑን ይመታል።

ስለ ጭሱ

እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ቱ-ስትሮክ ዘይት ያቃጥላል፣ ከፎር-ስትሮክ በላይ ያጨሳል። የሐይቅ አየር የምንተነፍስ ሰዎች ይህን ማሰባችን ተገቢ ነው። ግን መንገድ ላይ የምናየው ያ ነጭ ደመና የቱ-ስትሮክ ተፈጥሮ አይደለም። የተበላ ፓራኦሊዮ፣ በግምት የተቀላቀለ ዘይትና ለዚህ ከፍታ ያልተስተካከለ ካርቡራቶር ነው። ሦስቱም ከላይ ያልናቸው ናቸው። እነሱ ሲስተካከሉ ጠዋት ስትነሣ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ይታያል፤ ሲሞቅ ደግሞ ካልተጠጉ አይለይም። «ዘይቱን እጥፍ አድርጉ» ብሎ ስለ ጭስ መቆጣት ግን አብሮ አይሄድም።

አሁን ቬስፓ ቆማባችሁ የምታመነቱ፣ ሳትሸጡ በፊት ይህን ብቻ አድርጉ። የቮላኖውን ክዳን ፍቱ። ካንዴላውን አውጡ። ቮላኖውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ወዝውዙት፤ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው አልቋል፣ እሱ ግን የሚቀየር ነው። ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ የሚያንቋቋ ከሆነ ዝገት ገብቷል፣ እሱም ያው ነው። የካምቢዮ ዘይቱን አፍስሱና አሽትቱት፤ ቤንዚን ቤንዚን ካለ ፓራኦሊዮው ነው። ካርቡራቶሩን አውርዱና በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ አብሩ። ክራንኩ የሚያልፍበት ገጽ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ከሌለው፣ ካርተሩም ካልተሰነጠቀ፣ ያ ሞተር የሚታደስ ሞተር ነው። ገጹ ጠልቆ ከተቦረቦረ ወይም ካርተሩ ከተሰነጠቀ ብቻ ነው የጸሐፊው ምክር የሚሠራው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ካርቡራቶሩ፣ ቮላኖውና ካምቢዮው በኪሎ አይሸጡም፣ የሚፈልጋቸው ሌላ የቬስፓ ባለቤት አለ።